ቀጥ ብዬ መቆም የተማርኩት በ36 ዓመቴ ነው



የዛሬው ጽሑፌ ረዘም ይላል። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። መጨረሻው ላይ የምከፍለው ዕዳ ስላለብኝ ግማሽ ላይ ጥላችሁኝ እንዳትሄዱ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ግድግዳ ተጠግቼ የቆምኩበትን ፎቶ ለጥፌ «መቆም እየተማርኩ ነው» ብዬ ጽፌ ነበር። ብዙዎቻችሁ ስቃችኋል። «ቲቸር፣ ዳዴውን መቼ ጨረስክ?» ብለህ ኮሜንት የሰጠኸው ልጅ፣ አይቼሃለሁ፤ ውጤትህ ከእጄ ከወጣ በኋላ ስለሆነ ነው የተረፍከው። ግን ሳቃችሁ ልክ ነው። 14 ዓመት ሙሉ ቆሞ ያስተማረ ሰው «መቆም እየተማርኩ ነው» ሲል ያስቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው።

ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ፣ አንድ ጠዋት የጫማዬን ክር ላስር ጎንበስ እንዳልኩ ወገቤን ያዘኝ። በቃ ያዘኝ። ቀና ልበል ብል አልታዘዝ አለኝ። ባለቤቴ ደግፋ አልጋው ላይ አጋደመችኝ። ትንሿ ልጄ «አባዬ ሽማግሌ ሆነ» ብላ ሳቀች። ያን ቀን የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ነበረኝ። ቀረሁ።

የመምህር ሥራ የታወቀ ነው። በቀን አምስትም ስድስትም ክፍለ ጊዜ፣ እያንዳንዱ 40 ደቂቃ፣ ሁሉም በእግር። የደብረ ብርሃንን ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት ትከሻህን ወደ ጆሮህ ሰብስበህ ነው ክፍል የምትገባው፤ እስከ ምሳ ሰዓት እዚያው ተሰብስቦ ይቀራል። በቀኝ እጄ ጠመኔ፣ በግራዬ መጽሐፍ። ክብደቴ ሁልጊዜ በግራ እግሬ ላይ ነው። ቀኙ እንደ እንግዳ ጫፉን ብቻ መሬት አስነክቶ ይቀመጣል።

ይህን ከሐኪምም ከእኔም በፊት ያወቀው ጫማዬን የሚጠርገው ሊስትሮ ነው። «ጋሼ፣ ይቺ የግራዋ ተረከዝ ሁልጊዜ በውጭ በኩል ነው የምትበላው፤ ምን እያደረጓት ነው?» ይለኝ ነበር። እኔ ደግሞ «የዘንድሮ ጫማ ነዋ!» እያልኩ በጫማው አሳብብ ነበር።

ሐኪሙ ራጅ አይቶ «አጥንትህ ደህና ነው» አለና ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ላከኝ። እዚያ የጠበቀችኝ ወጣት ባለሙያ ናት፤ ከተማሪዎቼ አንዷ ብትሆን አይገርመኝም ነበር።

«ጫማዎን ያውልቁና ይቁሙ» አለችኝ። ቆምኩ።

ዞር ዞር ብላ አየችኝና «አሁን ቀጥ ብለው ይቁሙ» አለችኝ።

ይሄንንማ አውቀዋለሁ። ደረቴን ነፋሁ፣ ሆዴን ሳብኩ፣ አገጬን ሰቀልኩ፣ ጉልበቴን ወደ ኋላ ቆለፍኩ። ልጅ ሆነን በሰልፍ ላይ «ተጠንቀቅ!» ሲባል እንደምናደርገው ማለት ነው።

«አሁን በደንብ ይተንፍሱ» አለችኝ።

አልቻልኩም። እውነቴን ነው፤ ትንፋሼ ደረቴ ላይ ቀረ። ፈገግ አለችና «ይሄ መቆም አይደለም፣ መወጠር ነው» አለችኝ።

ከዚያ ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን የፕላስቲክ አከርካሪ አንስታ አሳየችኝ። አከርካሪያችን እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ አይደለም። አንገት ላይ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ላይኛው ጀርባ ላይ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ወገብ ላይ ደግሞ ተመልሶ ወደ ውስጥ ይገባል። የተፈጠረው እንደዚያ ነው፤ ስንራመድና ስንዘል ጫናውን የሚያበርደው ይሄ ቅርጹ ነው። እኔ ደረቴን ነፍቼ «ቀጥ አልኩ» ስል የወገቤን ጉብጠት ከልኩ በላይ ወደ ውስጥ እየገፋሁት ነበር። ክፍል ውስጥ ሲደክመኝ ደግሞ ተቃራኒውን አደርጋለሁ፤ ዳሌዬን ወደ ፊት ጥዬ፣ ጀርባዬን አጉብጬ፣ አንገቴን እንደ ኤሊ አውጥቼ። የአዋቂ ሰው ጭንቅላት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል። ያንን ከትከሻ ፊት አንጠልጥሎ ቀኑን ሙሉ የሚሸከመው የአንገትና የጀርባ ጡንቻ ነው።

የሰጠችኝ የቤት ሥራ መቆም ነው። ጠዋትና ማታ አምስት አምስት ደቂቃ። «በዮጋ ታዳሳና ይባላል። በሳንስክሪት ታዳ ተራራ ነው፤ አሳና ደግሞ የሰውነት አቋም» አለችኝ። እኔ በሆዴ «መድኃኒት ጠፍቶ ነው ቁም ተብዬ የምሸኘው?» እያልኩ ወጣሁ።

ማታ ስልኬ ላይ ስፈልግ ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ገባኝ። ቢ.ኬ.ኤስ. አይንጋር የሚባል ታዋቂ ሕንዳዊ የዮጋ መምህር ነበረ። በ1918 እ.ኤ.አ. ነው የተወለደው። በልጅነቱ ወባ፣ ታይፎይድና የሳንባ ነቀርሳ እየተፈራረቁበት ያደገ ሕመምተኛ ልጅ ነበር። ይህ ሰው በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ላይት ኦን ዮጋ በሚባለው መጽሐፉ 200 ገደማ አቋሞችን ሲያስተምር፣ ከሁሉም በፊት ያስቀመጠው ይሄንኑ ተራ መቆም ነው። በጭንቅላት መቆምም፣ እግርን አንገት ላይ መጠምጠምም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ በኢንቦክስ የጠየቃችሁኝን ልመልስ። «ዮጋ የሂንዱ እምነት አይደለም ወይ?» ብላችኋል። ሥሩ ሕንድ ነው፤ እዚያ ከጸሎትና ከተመስጦ ጋር የተያያዘ ረጅም ታሪክ አለው። እኔ ከፊዚዮቴራፒ ክፍል የወሰድኩት አቋቋሙን ነው። ስሙ ካልተመቻችሁ ስሙን ተዉትና ቁሙ። ስታፍ ውስጥ ክርክሩ ሲነሳ አንድ አንጋፋ መምህር «እናንተ ልጆች፣ ሰዓታት ሙሉ ቆሞ እያስቀደሰ የኖረ፣ ለመቆሚያ ብሎ መቋሚያ ያበጀ ሕዝብ መቆም ከስልክ ይማራል?» ብለው አሳቁን። ሳቅኩ። ግን እሳቸውም ወገባቸውን ይዘው ነው የሚነሱት።

እና እንዴት ነው የሚቆመው?

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ግንበኛ ነበር። ልጅ ሆኜ ቱምቢውን የምይዝለት እኔ ነበርኩ። ግድግዳ አዘንብሎ ሲያገኘው አናቱን ገፍቶ ሊያቃናው ሲሞክር አይቼው አላውቅም። ቁጭ ብሎ ከታች ነበር የሚጀምረው። ታዳሳናም እንደዚያ ነው። የምንጀምረው ከደረት አይደለም፣ ከእግር ነው።

ባዶ እግራችሁን ሁኑ። እግሮቻችሁን በዳሌያችሁ ስፋት ለዩ፣ ጣቶቻችሁን ዘርጉ። እያንዳንዱን ውስጥ እግር አራት ማዕዘን እንዳለው ነገር አስቡት፤ የአውራ ጣት ሥር፣ የትንሿ ጣት ሥር፣ የተረከዝ የውስጥ ጠርዝና የውጭ ጠርዝ። ክብደታችሁ በአራቱም ላይ እኩል ይረፍ። ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ቀስ ብላችሁ ተወዛወዙና መሀሉን ፈልጉ። ለእኔ ይሄ ብቻ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ቀኝ እግሬ ላይ ግማሽ ክብደቴን ሳሳርፍበት የሰው እግር መሰለኝ።

ከዚያ ጉልበት። የጭናችሁን ጡንቻ በትንሹ አንቁት፤ የጉልበት ሎሚ ወደ ላይ ከፍ ይላል። ወደ ኋላ አትቆልፉት ግን። ቀጥሎ ዳሌ። መቀመጫችሁን ወደ ኋላ አትግፉ፣ ወደ ውስጥም አትደብቁ። ዳሌያችሁን ውኃ እንደሞላ ሳህን ቁጠሩት፤ በፊትም በኋላም እንዳይፈስ። ጎድናችሁ ወደ ፊት አይገፋ። ትከሻችሁን አንዴ ወደ ላይ፣ ወደ ኋላ፣ ከዚያ ወደ ታች ልቀቁት። እጆቻችሁ ከጎን ይውረዱ። አገጫችሁ ከወለሉ ጋር ትይዩ ይሁን። አናታችሁን በክር ወደ ላይ የሳበው ሰው ያለ ይመስል ትንሽ ርዘሙ። በመጨረሻም ተንፍሱ። መተንፈስ ካቃታችሁ የሆነ ቦታ ላይ ተወጥራችኋል ማለት ነው።

ከጎን የሚያያችሁ ሰው ካለ ደግሞ ቱምቢ ይጣልባችሁ። ክሩ በጆሮ፣ በትከሻ መሀልና በዳሌ መገጣጠሚያ አልፎ፣ ከጉልበት መሀልና ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ፊት ሊወርድ ይገባል። ብቻችሁን ከሆናችሁ ግድግዳ ይበቃል። ተረከዛችሁን ከግድግዳው ሦስት ጣት ያህል አርቁ፤ መቀመጫና ላይኛው ጀርባ ይነካል። ከወገባችሁ ኋላ መዳፋችሁ ብቻ ቢያልፍ ደህና ነው፤ ቡጢያችሁ የሚያልፍ ከሆነ ወገባችሁን ከልክ በላይ አስገብታችኋል።

እኔ የዲፕሎማ መምህር ነኝ፤ ሐኪም አይደለሁም። የሚያማችሁ ካለ መጀመሪያ ባለሙያ ያያችሁ። ቆማችሁ የሚያዞራችሁ ሰዎችም ግድግዳ ሳትይዙ አትሞክሩት።

የሚያሳፍረኝ ምን መሰላችሁ? የማስተምረው ፊዚክስ ነው! «አንድ አካል እንዳይወድቅ ከክብደት ማዕከሉ ወደ ታች የሚወርደው መስመር በመቆሚያው ስፋት ውስጥ ማረፍ አለበት» ብዬ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እስላለሁ። ሣጥን እስላለሁ፣ ጠርሙስ እስላለሁ። በአንድ እግሬ ተንጋድጄ ቆሜ ነው ይሄን ሁሉ የማስተምረው።

የመጀመሪያ ሰሞን ባለቤቴ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ተነስታ ሳሎን ውስጥ በጨለማ ተገትሬ ስታገኘኝ «በስመ አብ! ምን ሆነሃል? ማን ሞተ?» ብላ ጮኸች። አሁን ለምዳዋለች። ትንሿ ልጄ ደግሞ የአያቷን ቱምቢ ከሣጥን አውጥታ ከጆሮዬ ትጥልብኛለች። «አባዬ፣ አንገትህ አመለጠ» ትለኛለች። ከሦስት ወር በኋላ ሕመሙ ቀነሰ። ጠፋ አልላችሁም። ፈተና ሳርም ዛሬም ያመኛል፤ ግን ጫማዬን ራሴ አስራለሁ።

እዚህ ድረስ ያለው ደስ የሚል ወሬ ነው። ዕዳው ከዚህ በኋላ ነው።

ያንን ፎቶ በለጠፍኩ ማግስት አንዲት የድሮ ተማሪዬ ኢንቦክስ ጻፈችልኝ። ስሟንም፣ ያለችበትንም አልናገርም። የጻፈችውን ግን ፈቅዳልኝ ላስነብባችሁ፦

«ቲቸር፣ ሰላም ነህ? ስለ መቆም የጻፍከውን አይቼ ነው። ትዝ ይልህ እንደሆነ አላውቅም። ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ፣ ተረኛ መምህር በነበርክበት ቀን፣ በሰልፍ ላይ ‹ትከሻሽን አስተካክዪ› አልከኝ። ያልሰማሁህ መስሎህ ከመስመር አውጥተህ ፊት አቆምከኝ። ‹ቀጥ በይ፣ ይሄ እኮ ስንፍና ነው› አልከኝ። ሁሉም ሳቀ። እኔ እኮ ሰምቼህ ነበር ቲቸር። እያስተካከልኩ ነበር። አይስተካከልም ነበር እንጂ።»

ሁለቴ አነበብኩት። እውነቱን ልናገር? አላስታወስኩትም። ብዙ አሰብኩ። ፊቷ ትዝ አለኝ፤ በፈተና ወረቀቷ ላይ የነበረው ንጹሕ ጽሕፈቷ ሁሉ ትዝ አለኝ። ያ ቀን ግን ጭራሽ የለም። ለእኔ ከብዙ ተራ ጠዋቶች አንዱ ነበር፤ ለእሷ ግን ዘጠኝ ዓመት የኖረ ጠዋት ነው።

ደወልኩላት። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት እያለች ነው ሐኪም ያያት። ስኮሊዮሲስ ነው የተባለችው፤ አከርካሪ ወደ ጎን ሲጣመም ማለት ነው። የእሷ ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገው ዓይነት አይደለም። «አልተቀየምኩህም ቲቸር» አለችኝ። ትንሽ ዝም ብላ ደግሞ «ግን ከዚያ ቀን በኋላ ሹራብ ሳልደርብ ትምህርት ቤት መጥቼ አላውቅም። ሰው ብርድ ስለሚመስለው ደብረ ብርሃን ጠቀመኝ» አለችና ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ከዚያ በኋላ ስለ ሕመሙ ሳነብ ያወቅኩትን ልንገራችሁ፣ በተለይ መምህራንና ወላጆች። አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ከ10 ዓመት በኋላ፣ ልጆች በፍጥነት በሚረዝሙበት ዕድሜ ነው። ማለትም እኛ እጅ ላይ እያሉ ነው። በአብዛኞቹ ልጆች ላይ ምክንያቱ በውል አይታወቅም። ከባድ ቦርሳ አያመጣውም፣ ተጣሞ መቀመጥ አያመጣውም፣ ስንፍና አያመጣውም። እየባሰ የመሄድ ዕድሉ በሴት ልጆች ላይ ይበልጣል። ምልክቱ ቀላል ነው፤ አንዱ ትከሻ ከሌላው ከፍ ይላል፣ ከጀርባ አንዱ የትከሻ አጥንት ይወጣል፣ ወገቡ በሁለቱም በኩል እኩል አይሆንም። ልጁ እግሩን ገጥሞ፣ ጉልበቱን ሳያጥፍ፣ እጆቹን ወደ መሬት ጥሎ ሲያጎነብስ ከኋላ ስታዩት የጀርባው አንዱ ጎን ከሌላው ከፍ ካለ ሐኪም ይየው። ቀለል ያለው ክትትል ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ ባስ ያለው በእድገት ዕድሜ ላይ በድጋፍ እንዳይብስ ይደረጋል፤ በጣም የባሰው ቀዶ ጥገና ይጠይቃል። ዮጋም ሆነ የመምህር ጩኸት አያቃናውም። ቀድሞ ማየት ግን ይጠቅማል።

እኔ እኮ አይቼ ነበር። ያንን ትከሻ ከዚያ ሁሉ ሰልፈኛ መሀል ለይቼ አይቼዋለሁ። ያየሁትን ለእናቷ «እስቲ ሐኪም ይያት» ብዬ ብነግር ኖሮ ከአምስትና ስድስት ዓመት በፊት ትታወቅ ነበር። ዓይኔ አይቷል፤ አፌ ግን ሰደበ።

ሌላም አለ። በሰልፍ ላይ ተዝለፍልፈው የሚወድቁ ልጆችን ታስታውሳላችሁ? «ቁርስ ሳትበላ መጥታ ነው» እንል ነበር። አንዳንዴ ልክ ነበርን። ግን ጉልበቱን ቆልፎ ሳይነቃነቅ ለረጅም ጊዜ የቆመ ሰው፣ የባቱ ጡንቻ ስለማይሠራ ደሙ ወደ ታች ይጠራቀምና ሊወድቅ ይችላል። እኛ ደግሞ «እንዳትነቃነቁ!» እያልን ነበር የምንጮኸው።

ተማሪዬን በስልክ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ግን ያዋረድኳት በስልክ አልነበረም፤ በሰልፍ ፊት ነው። ስለዚህ ይቅርታውም በሰው ፊት መሆን አለበት ብዬ ነው ይሄን ሁሉ የጻፍኩት። አብረዋት የተሰለፉት ብዙዎቻችሁ እዚህ ገጽ ላይ አላችሁ። ያን ቀን የሳቃችሁ ካላችሁ፣ ያሳቅኳችሁ እኔ ነኝ። ስንፍና አልነበረም። ከሁላችንም የበለጠ ቀጥ ለማለት ስትጥር የነበረችው እሷ ነበረች።

አሁንም ተረኛ ስሆን ጠዋት ሰልፍ ፊት እቆማለሁ። መጮህ ትቻለሁ ብል ውሸት ነው፤ ባለፈው ሐሙስም አምልጦኛል። አሁን ግን አፌን ከመክፈቴ በፊት መጀመሪያ የራሴን እግር አያለሁ። ግራዬ ላይ ተንጋድጄ ካገኘሁት፣ ልጆቹን ትቼ ራሴን አስተካክላለሁ። ትከሻው ዘንበል ያለ ልጅ ሳይ ደግሞ ሰልፉ ከተበተነ በኋላ ጠጋ ብዬ በቀስታ «ያምሃል ወይ?» እላለሁ። ባለፈው አንዱን ስጠይቀው «ኧረ ቲቸር፣ ጫማዬ ቀዳዳ ስለሆነ ብርዱን ሽሽት ነው» አለኝ። ይኸው፣ ያም ቢሆን ስንፍና አልነበረም።

የድሮ ተማሪዎቼ፦ ቀጥ በሉ ብዬ የጮህኩባችሁ፣ ፊት ያቆምኳችሁ፣ የማስታውሳችሁም የማላስታውሳችሁም፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ልትነግሩኝ የምትፈልጉት ካለ ኢንቦክሴ ክፍት ነው፤ እሰማችኋለሁ።

ልጆች ያሏችሁ ደግሞ ዛሬ ማታ ከመተኛታቸው በፊት ጀርባቸውን እዩልኝ።

ሰላም እደሩ።